ቦርጬና የአማቴ ፈረስ

እኔ ወጣት በነበርኩበት ዘመን ቦርጭ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። ቀጭን ሰው ሲያልፍ «ምን ነክቶት ነው?» ይባላል፤ ቦርጫም ሰው ሲያልፍ ግን «እግዜር ሰጥቶታል» ተብሎ መንገድ ይለቀቅለታል። ዛሬ ልጆቼ ማለዳ ተነስተው ለአፍታ ዘለል ዘለል ይሉና በቀን ትንሽ ትንሽ ስፖርት ለጤናና ለክብደት ይበቃል አይበቃም እያሉ ይከራከራሉ። እኔ ጋዜጣዬን ከፍ አድርጌ ፊቴን እሸፍናለሁ። ይህ ጥያቄ ዳንግላ ላይ ምን እንዳደረገኝ የምታውቀው እናታቸው ብቻ ናት፤ እሷም ባስታወሰችው ቁጥር ወገቧን ይዛ ነው የምትስቀው። ከእሷ አፍ በተጣመመ መልኩ ከምትሰሙት ከራሴ አፍ ስሙት።

ዳንግላ ውስጥ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የጸሐፊ ሥራ ማለት መቀመጥ ነው። ከሳሽ ቆሞ ይናገራል፣ ተከሳሽ ቆሞ ይክዳል፣ ምስክር ቆሞ ይምላል፤ ተቀምጠን የምንውለው እኔና ዳኛው ብቻ ነን። ዳኛው እንኳ አልፎ አልፎ ተቆጥተው ይነሳሉ። እኔ መቆጣት ስለማይፈቀድልኝ ተቀምጬ ሰፋሁ።

በዚህ ላይ አገባሁ። ባለቤቴ የሺ የጥርባ ልጅ ናት። ጥርባ ከእንጅባራ ፈቀቅ ብሎ ያለ፣ ገብሱና ማሩ የማያልቅ፣ ፈረሱ ደግሞ ከሰው እኩል የሚከበርበት አገር ነው። የሺ አፏን የፈታችው በአገውኛ ነው፤ እኔ ከሞጣ የመጣሁ፣ ከአማርኛ በቀር የማላውቅ ሰው ነኝ። እሷ ልታስተምረኝ ብዙ ጥራለች። እኔ ግን የያዝኩት «ብላ» እና «ጨምር» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ነበር፤ ያም ቦርጬ ላይ ይነበባል።

ስንጋባ አማቴ አቶ እንየው አንድ ዳማ ፈረስ ሰጡን። ይህ ፈረስ ተራ ፈረስ አይደለም። ውርንጭላ ሳለ እናቱ ሞታበት የሺ ወተት በዋንጫ እያጠጣች ያሳደገችው ነው። አማቴ ሲሰጡኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በጥር ጊዮርጊስ እንጅባራ ሄጄ ከአገሩ ፈረሰኞች ጋር እንድሰለፍ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ።

የንግሡ ቀን ሜዳው በፈረስ ተሞላ። ሁለት ሰው ከግራ ከቀኝ ደግፎኝ፣ ሦስተኛው ከኋላ ገፍቶኝ ኮርቻው ላይ ወጣሁ። ዳማው ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ጥቂት ተራመደና ቆመ፤ አንገቱን አዙሮ ጉልበቴን አየ፣ ቀጥሎ ቦርጬን አየ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ እያየ የፊት እግሮቹን አጥፎ እንደ ግመል በርከክ አለ። እግሬ ከእርካቡ ሳይወጣ መሬት ረገጠ። ከፈረስ ወደቀ እንኳ እንዳይባል አልወደቅሁም፤ ፈረሱ ነው ከሥሬ የወረደው።

አማቴ መጡ። እሳቸው የሚጮሁ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ነው ሰው የሚደነግጠው።

«ፈረስ የሰጠሁት ለአማቼ ነው፤» አሉ ቀስ ብለው። «ለጎተራ አይደለም።»

ቀጥለውም የቀኑን ፍርድ ሰጡ። ለፋሲካ ዳንግላ መጥተው ከእኛ ጋር ሊፈስኩ ነው። በመጡ ጊዜ ዳማው ተሸክሞኝ ከቤታችን በላይ ያለችውን ዳገት ከወጣ ይተዉልኛል። ካልወጣ ልጓሙን ይዘው ወደ ጥርባ ይመልሱታል።

አማት የሰጠውን ፈረስ መልሶ ወሰደበት መባል በዚያ አገር ከመከሰስ ይከፋል። ክስ ይግባኝ አለው፤ ይህ ይግባኝ የለውም። ዳማውን በእግሩ እንዲያመጣልን ለዘመድ ሰጥተን እኛ በጭነት መኪና ወደ ዳንግላ ተመለስን። ደጃፋችን ስንደርስ የሺ ዳማው በሌለበት ቤት እንዴት እንደምትኖር ማሰብ እንዳቃታት ነገረችኝ። እኔ በሌለሁበት ቤት ስለ መኖር ግን ምንም አላነሳችም።

ቦርጬን ለማውረድ ወደ ጎረቤቴ ወደ ሃምሳ አለቃ ጥሩነህ ሄድኩ። ሃምሳ አለቃ ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ፣ በትምህርት ቤቱ ጂምናስቲክ የሚያስተምሩ፣ ሆዳቸው እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ የሆነ ሰው ነበሩ። ችግሬን ሰምተው ፈገግ አሉ።

«ብዙ አትድከም። ሰውነት እንደ እጅ ሰዓት ነው፤ በቀን አንዴ ትንሽ ከሞላኸው ይበቃዋል።»

የሽሮ ድስት ተጥዶ እስኪንተከተክ ያለው ጊዜ ብቻ በቂ መሆኑን አስረዱኝ። እጅ ወደ ላይ፣ ጎንበስ ቀና፣ ቀጥሎ ዝላይ፤ አለቀ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ምክር ሰምቼ አላውቅም። ያለ ድካም የሚገኝ ነገር ሁሉ ደስ ይላል፤ መገኘቱ ነው የሚያጠራጥረው።

በማግስቱ ማለዳ በቁምጣና በካናቴራ ጓሮ ወጣሁ። የዳንግላ የጥር ብርድ ጥርስ ያፋጫል። እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ፣ ጎንበስ ቀና አልኩ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ቆመው ያያሉ። በኋላ እንደነገሩን መጀመሪያ ስግደት መስሏቸው ነበር፤ ጸሐፊው እግዜርን አሰበ ብለው ደስ ብሏቸው እሳቸውም አማተቡ። መዝለል ስጀምር ግን ስግደት አለመሆኑ ገባቸው። እጄን እያራገብኩ፣ ቦርጬ ከእኔ ዘግይቶ እየወጣ ከእኔ ዘግይቶ እየወረደ ስዘል ያዩት እትዬ ብርቄ መንፈስ ነው ብለው ደመደሙ። ሮጠው ገቡና በእንስራ ያኖሩትን ጠበል ይዘው በጓሮ በር መጡ። ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ሳለ ሙሉውን አናቴ ላይ ደፉት።

እኔ የጮህኩት ከብርዱ ነው። እሳቸው ግን የጮኸው ሌላው ነው ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ተናገሩ።

ከዚያ የሆነውን ጎጃም የኖረ ሰው ሳልነግረው ያውቀዋል። በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም። አንዷ ቅቤ የዋጠ ገንፎ፣ አንዷ ዶሮ፣ አንዷ እንቁላል ይዛ መጣች። ጊዜው ቅበላ ነው፤ ጾሙ ሊገባ ሲል ያለችው የመብል ወቅት፤ ከየቤቱ የተረፈው ሁሉ ወደ እኔ ጎረፈ። ደህና ነኝ ብል «ይኸው መለፍለፍ ጀመረ» ይባላል። አልበላም ብል «መንፈሱ ነው የሚከለክለው» ተብሎ በጉርሻ ይመጣብኛል። እኔም ጤነኛ መሆኔን ለማስረዳት ያለኝ መንገድ መብላት ብቻ ሆነ። ወሬው ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኛው አዘኑልኝ፤ ቤቴ ሄጄ ጥቂት ቀን ተቀምጬ እንዳርፍ ፈቀዱልኝ። ከመቀመጥ እንዲያሳርፈኝ መቀመጥ ታዘዘልኝ።

ጂምናስቲኩን አላቋረጥኩም። ወደ ቤት ውስጥ አስገባሁትና በሩን ዘግቼ ዘለልኩ። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ የመደርደሪያው ሸክላ ሁሉ አብሮኝ ዘለለ፤ የሺ የምትሳሳለት ገንቦ ግን አወራረዱን አላወቀበትም። ቀበቶዬ መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደረሰ፤ ቀጥሎ ቀበቶውን ተውኩት።

ለአቤቱታ ሃምሳ አለቃ ቤት ሄድኩ። ደጃቸው ላይ የባሕር ዛፍ ግንድ ሲፈልጡ አገኘኋቸው። ሚስታቸው፣ ባላቸው ከማለዳ ጀምረው ከወንዝ ድንጋይ ሲያመላልሱ ማርፈዳቸውን፣ ከዚያ ድንች ሲቆፍሩ መዋላቸውን ነገሩኝ። አጭሩ ጂምናስቲክ እንዳልያዘልኝ ስነግራቸው ሃምሳ አለቃ በጣም ተገረሙ። መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰክተው ላባቸውን ጠረጉ።

«ይገርማል፤» አሉ ከልባቸው። «እኔ እኮ ከጧቷ ጂምናስቲክ ሌላ ምንም አልሠራም።»

አጭሩ ካልበቃ ረጅሙን ልሞክር ብዬ ወሰንኩ። አንድ ቀን ከከተማው ወጥቼ በገጠሩ መንገድ ሩጫ ጀመርኩ። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር በዚያ ዘመን ሰው ያለ ነገር እንደማይሮጥ ነው። ሰው የሚሮጠው ወይ እሳት ተነስቶ፣ ወይ ሌባ አባርሮ፣ ወይ ራሱ ሌባ ሆኖ ነው። ማሳው ዳር የቆሙ አንድ ሽማግሌ አዩኝና በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ብላ»ም «ጨምር»ም አላሉም፤ ስለዚህ አልገባኝም። ወደ ፊት መሄዴ ነው ለማለት ራሴን ነቅንቄ በጣቴ ወደ ፊት ጠቆምኩ።

ሽማግሌው የጠየቁኝ «ሌባው በዚህ በኩል ሄደ?» ብለው ኖሯል።

ዱላቸውን አንስተው ጮሁ። ከየቤቱ፣ ከየማሳው ሰው ወጣ። ጥቂት እንደሮጥኩ ከኋላዬ የእግር ድምፅ ሰማሁ፤ ዞር ስል አገሩ ሁሉ ዱላ ይዞ ይከተለኛል። እኔ የመጡብኝ መስሎኝ ፍጥነት ጨመርኩ። እነሱም ጸሐፊው ሌባውን አየው ብለው ፍጥነት ጨመሩ። ወንዝ ተሻገርን፤ የድንች ማሳ አቋረጥን። ልቆም ስል ጎበዞቹ በብብቴ ገብተው «አይዞህ፣ ንብረትህማ አይቀርም» እያሉ ያንጠለጥሉኛል። ቦርጬን እንዲህ ያለ አጀብ ተከትሎት አያውቅም።

ከጉብታው ማዶ ትልቅ ዳስ ተጥሎ ነበር፤ ሰርግ ነው። ሰርገኛው ሙሽራውን ሲጠብቅ የዋለ ስለነበረ አቧራው ሲነሳ እልል ተባለ። ከፊት ያለሁት እኔ ስለነበርኩ ዋናው ሚዜ ተደርጌ ታየሁ። ሴቶቹ እንደ ደንቡ በሩን ዘግተው አናስገባም እያሉ ይዘፍኑብኛል፤ እኔ ደግሞ ከኋላዬ ባለው ሕዝብ እየተገፋሁ በሩን በቦርጬ ከፈትኩት። እስከ ዛሬ እዚያ ሰፈር እንደዚያ ያለ ኃይለኛ ሚዜ እንዳልታየ ይወራል አሉ።

ነገሩ ሲጣራ የሰርጉ ባለቤቶች ስቀው ሁላችንንም አስቀመጡን። እንግዳ ሳይበላ አይለቀቅም፤ ጥሬ ሥጋው መጣ፣ ጠጁ መጣ። ልባችን መለስ ሲል ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጠው፣ ለካ አማርኛውንም ከእኔ ይበልጥ አሳምረው ይችሉታል፣ ምን እንደተሰረቀብኝ ጠየቁኝ። ምንም እንዳልተሰረቀብኝ፣ የምሮጠው ቦርጬን ለማውረድ መሆኑን ተናዘዝኩ። ሽማግሌው ይህን ለሌሎቹ በአገውኛ ተረጎሙላቸው።

«ማለት፣ የሮጥከው የበላኸውን ለማውረድ ነው?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው።

«ታዲያ ለምን በላኸው?»

በፍርድ ቤት ኑሮዬ ብዙ መስቀለኛ ጥያቄ ጽፌአለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አልገጠመኝም። ዓይኔን ከእሳቸው ወደ ሥጋው ሳሸሽ ያዩት አስተናጋጆችም ራበው መሰለኝ ብለው ሌላ የሥጋ ብልት ፊቴ አስቀመጡ። ስመለስ መራመድ ስላቃተኝ በበቅሎ ሸኙኝ። በቅሎዋም በመንገድ ሁለት ጊዜ ቆማ አሰበች።

ከዚያ ዓቢይ ጾም ገባ። ሥጋውም ቅቤውም ተሰናበተ፤ የሺ ጾም ላይ ቀልድ አታውቅም፤ ጸሎተ ቅዳሴው እስኪያልቅ ውኃ አይቀመስም፣ ከዚያም ቢሆን ሽሮና ጎመን ነው። እኔ ተስፋ ቆርጬ ተቀምጬ ሳለ እሷ መላ ፈጠረችልኝ። ባዶ እጁን የሚሮጥ ሰው ሌባ ይመስላል፤ ፈረስ እየሳበ የሚሄድን ሰው ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ዳማውን ይዘህ በየቀኑ እስከ ሩቁ ሜዳ ሂድ፣ እዚያ ሣር ይጋጥ፣ ከዚያ ይዘኸው ተመለስ አለችኝ። እንዳልቀመጥበት ደግሞ አስማለችኝ።

እንዲሁ አደረግሁ። በየቀኑ ከሥራ በኋላ ልጓሙን ይዤ እወጣለሁ፣ አቀበቱን እየወጣሁ ቁልቁለቱን እየወረድኩ ስሄድ ስመለስ ይመሻል። ዳማው ከጎኔ በዝግታ ይሄዳል፤ ጓደኛሞች ሆንን። የችሎቱን ነገር ሁሉ እነግረዋለሁ፤ እሱም ከዳኛው የተሻለ ያዳምጠኛል። ሰዎች ሲያገኙኝ ፈረሱ ላይ የማልቀመጠው ለምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ምን ልበል? ጥቂት አሞት ነው እላለሁ።

ይህች ቃል አገር ዞረች። በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም አላልኳችሁም? እትዬ ብርቄ በእንቅብ ገብስ ይዘው መጡ። ሽማግሌው ከነዚያ ሯጮች ጋር ባቄላ ላኩ። ሃምሳ አለቃ ሳይቀሩ ጭድ አስጫኑ። ዳማው እንደ እኔ «ደህና ነኝ» ብሎ አልተከራከረም፤ የመጣለትን ሁሉ በጸጥታ በላ። እኔ ደግሞ ስለራሴ ቀበቶ እያሰብኩ የእሱን ሆድ ልብ ብዬ አላየሁትም።

ቅዳሜ ሹር ከሰዓት በኋላ አማቴ መጡ። ደጅ ቆሜ ስለነበር ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሳሁ። እሳቸውም በትሕትና እጅ ነሱኝና «ጸሐፊው ቤት አሉ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። የሺ ከውስጥ ሳቀች። እኔ መሆኔን ሲረዱ ዞር ዞር ብለው ከፊትም ከኋላም አዩኝ፤ ፊታቸው ላይ እንደ ደስታ ያለ ነገር ታየ። ፈተናው ለነገ አያድርም ብለው ዳማውን እንዳወጣ አዘዙ።

ዳማው ከጋጣው ሲወጣ በሩ ላይ ጥቂት ተቀረቀረ። ኮርቻ ጫንን፤ የሆዱ ጠፍር ግን ከዚህ ጎን ስንስበው ከዚያ ጎን፣ ከዚያ ስንስበው ከዚህ ይጎድላል። ገመድ ቀጠልንበት። ከዚያ ያለ ማንም ድጋፍ ዘልዬ ወጣሁ፤ ለሰላምታ የመጡት ሃምሳ አለቃ አጨበጨቡልኝ። ዳማውም ጉዞ ጀመረ።

የዳገቷን ግማሽ በወጉ ወጣን። ከዚያ ቆመ። ጎኑ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይነፋል፣ ላቡ ይንጠባጠባል። አዘንኩለትና ወረድኩ። ልጓሙን ይዤ ስስበው፣ ሃምሳ አለቃ ከኋላ ሲገፉት፣ እንደምንም ዳገቷን ወጣን። እኔ አንድ ጊዜም ቁና ቁና አልተነፈስኩም።

አማቴ ቀስ ብለው ደረሱ። ጾሙን ሙሉ የት እንደሄድን፣ ፈረሱ እኔ የሄድኩበት ሁሉ መሄድ አለመሄዱን ጠየቁኝ። አንዲት እርምጃ እንዳላጎደለ ማልኩላቸው። በአንድ መንገድ ሄዳችሁ አንተ እንዴት ጅራፍ፣ እሱ እንዴት ከበሮ ሆናችሁ አሉኝ። ሃምሳ አለቃ ጣልቃ ገብተው እኔን ያከሳኝ ያቺ የጧቷ አጭር ጂምናስቲክ መሆኗን፣ ፈረሱ ግን ጂምናስቲክ አለመሥራቱን ማስረዳት ጀመሩ።

አማቴ የዳማውን ሆድ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«የለም፤» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሱ አልጾመማ።»

ሃምሳ አለቃ ወደ ፈረሱ ዞረው ጠፍሩን ማላላት ጀመሩ።

አማቴ ግን ተቸገሩ። ቃላቸው ቃል ነው፤ ፈረሱ ተሸክሞኝ ዳገቷን አልወጣም። የከበደው ግን እኔ አይደለሁም። ከሁለት አንዳችን ጥርባ ሄደን በወጉ ካልተገራን እንደማይሆን ቆርጠው ልጃቸውን ጠሩ። «የትኛውን ልውሰድልሽ?» አሏት።

የሺ ዳማውን አየች። እኔን አየች። እንደገና ዳማውን አየች። ችሎት ተቀምጬ የስንቱን ሰው ውሳኔ ጠብቄአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ልቤ ተሰቅሎ አያውቅም። ያን ያህል ማሰብ አልነበረባትም፤ ዛሬም ቢሆን ይህን እላታለሁ።

«አባየ፣ ሁለቱንም ይተዉልኝ፤» አለች በመጨረሻ። «አንዱ ሲወፍር ሌላው ይከሳል።»

አማቴ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። ልጓሙን መልሰው እጄ ላይ አኖሩልኝ።

ሌሊቱን ፋሲካ ሆነ፤ ዶሮውም ክትፎውም ቀረበ። ዳማው ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ገብስ ተከለከለና የሺ በየቀኑ ትጋልበው ጀመር፤ እኔ ከችሎት ወንበሬ ተመልሼ ማዕዱ ላይ ተሰየምኩ። ክረምት ሲገባ እሱ እንደ ሚዳቋ ቀለለ፣ እኔ አዲስ ቀበቶ ገዛሁ። ልጆቼ ስለ አጭር ስፖርት ሲጠይቁኝ ጋዜጣዬን የማነሳው ለዚህ ነው። በእኛ ቤት ክብደት ጠፍቶ አያውቅም፤ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ከቦታ ቦታ ይዛወራል እንጂ።